ፋራ ማን ነው?

«ስም ይወጣል ከቤት፥ ይከተላል ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም በዚህ ግቢ ውስጥ ለወንድሞቻችን ስም እያወጣን ነውና ስለ አንድ አጭር ቃል ጥቂት ለመናገር ብዕር አነሣሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፥ ሰኞ ጧት፥ በትልቁ የመማሪያ አዳራሽ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ ያላያችሁትም ሰምታችኋል። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጥያቄ ለመጠየቅ እጁን አወጣ። መምህሩ በፈቀዱለት ጊዜ ከሕፃንነቱ እንደ ለመደው ብድግ ብሎ ቆመና «የኔታ፥ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» ሲል ጀመረ። አልጨረሰም። ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ፋራ!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። መምህሩም ፈገግ አሉ። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁን አላወጣም።

ልጁን አውቀዋለሁ። እሱም እኔም የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰዎች ነን፤ የቋራ ወረዳ፥ የገለጉ ልጆች። ባለፈው ዓርብ ማታ ወደ መኝታ ክፍሌ መጥቶ «ጋሼ፥ ትምህርቱን ልተወው መሰለኝ» አለኝ። ትምህርቱ ከብዶት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ትምህርቱስ ይገባኛል፤ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ነው የሚስቁብኝ» አለ።

ይህን ነገር በመካከላችን ልንጨርሰው በተቻለ ነበር። ነገር ግን ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን የአዳራሹን ሳቅ ደግፎ ጻፈ። የጻፈውም በአጭሩ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ «ፋራ» ቀልድ እንጂ ስድብ አይደለም። ሁለተኛ፥ ቃሉ የገጠር ሰውን አይነካም፤ ያልነቃ ሰውን ነው የሚነካ፤ ያልነቃ ደግሞ በከተማም ሞልቷል። ሦስተኛ፥ ቋንቋ ሕያው ነው፤ የወጣቱን የአራዳ ቋንቋ ለመቈጣጠር የሚነሣ ሰው ራሱ ፋራ ነው። ጸሐፊው ጥሩ አድርጎ ጽፏል፤ እኔም ሳነበው ስቄአለሁ። ከሳቄ በኋላ ግን አንድ በአንድ ልመልስለት ወሰንሁ።

ከሦስተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም በእሱ ላይ ጠብ የለንም። ቋንቋ ሕያው ነው፤ እውነት። የአራዳን ቋንቋ ከግቢ እናስወጣ የሚል ሰው ካለ እኔ የእሱ ወገን አይደለሁም። እኔ የጠረፍ ልጅ ነኝ። በመተማ ዮሐንስ በኩል ቀረጥ ሳይከፍሉ ከሚያልፉት ነገሮች መጀመሪያዎቹ ቃላት ናቸው። «ሱቅ» ብለን የምንጠራው ቤት ስሙ ዐረብኛ ነው። «ፒያሳ» እና «መርካቶ» የምንላቸው ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከጣልያን ነው። የገለጉ ስም እንኳ በዚሁ በወንዙ መንገድ ጠረፉን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ወንዙ ከአላጥሽ በኩል ወርዶ ሱዳን ውስጥ በዲንደር ፓርክ ሲያልፍ ያው ገለጉ ነው። ስለዚህ ቃል ከየትም ይምጣ፤ እኔ የምጠይቀው ከመጣ በኋላ ምን ሥራ እየሠራ እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። «ፋራ» ብቻውን አይቆምም፤ «አራዳ» ከሚባለው ጓደኛው ጋር እንደ ሚዛን ሁለት ጐኖች ነው። አንዱ ከፍ የሚለው ሌላው ዝቅ ሲል ነው። ፋራን ለማወቅ መጀመሪያ አራዳን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የአራዳም ታሪክ በግልጽ የታወቀ ነው።

አራዳ የገበያ ስም ነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው ታላቁ ገበያ አራዳ ይባል ነበር። ጎንደርም የራሷ አራዳ አላት፤ እስከ ዛሬም ገበያና ሰፈር ሆኖ ይኖራል፤ በሁለቱም ከተሞች አንዳንድ ክፍለ ከተማ በዚሁ ስም ይጠራል። በአዲስ አበባው አራዳ እህሉ፥ ማሩ፥ ጨውና ቅቤው፥ ፈረሱና በቅሎው ይሸጥ ነበር። የባሕር ማዶ ነጋዴዎች ሱቅ የከፈቱት፥ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ የፈራው ሲኒማ የታየው በዚያው አካባቢ ነው። ጸጥታውን የሚያስከብረውም «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን ከተማውን በያዘ ጊዜ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥቶ መርካቶን አቋቋመ፤ አሮጌው አራዳም ፒያሳ ተባለ። ገበያው ሄደ፤ ስሙ ግን ከሰው ጋር ቀረ።

በዚያ ሰፈር ያደገ ልጅ ከሌላው ቀድሞ አዲስ ነገር ያያል፤ ብዙ ዐይነት ሰው ያውቃል፤ አይታለልም። ስለዚህ «የአራዳ ልጅ» ማለት የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ የጠባይ ስም ሆነ። ቀጥሎም «ልጅ» የሚለው ወደቀና ሰውየው ራሱ «አራዳ» ተባለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የአራዳ ደግነትም አለ፤ ወዳጁን የማይከዳ፥ ካለው የሚያካፍል፥ ምሥጢር የሚጠብቅ፥ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው «አራዳ» ሲባል እኔም በደስታ እቀበላለሁ። ነገር ግን በዚያው ቃል ሌላም ሰው ይመሰገናል። ሒሳብ ሳይከፍል የወጣው፥ በወረፋ መካከል ጣልቃ የገባው፥ ከሌላው ወረቀት ገልብጦ ከፍተኛ ውጤት ያገኘውም «አራዳ ነው» ይባላል። አንዱ ቃል ቅንና ቀጣፊን በአንድ ወንበር አስቀመጠ ማለት ነው።

የፋራንም ትርጉም እንዲሁ እንቍጠረው፤ እኔ ባለፉት ሦስት ሳምንታት በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ከገጠር አዲስ የመጣ ተማሪ ፋራ ነው። የስልኩ ዐይነት ያረጀበት ፋራ ነው። ቲክቶክ ላይ የወጣውን ጨዋታ ያልሰማ ፋራ ነው። ፍቅረኛ ጓደኛዋን አፏን በእጇ ይዛ «ኧረ ፋራ!» ስትለው ደግሞ ቃሉ የፍቅር ነው፤ በዚህም አልከራከርም። ነገር ግን እነሆ የሚከተለውን አድምጡ። ባለሱቁ ተሳስቶ ትርፍ መልስ ቢሰጠው መልሶ የሰጠ ተማሪ «ፋራ» ተባለ። በፈተና ሰዓት ለጓደኛው መልስ አላሳይም ያለ «ፋራ» ተባለ። የታክሲ ረዳቱ የጠየቀውን ዋጋ ያለ ጭቅጭቅ የከፈለ «ፋራ» ተባለ። ለመምህሩ ብድግ ብሎ የቆመ «ፋራ» ተባለ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ «ያልነቃ ማለት ብቻ ነው» ያልኸው ሁለተኛው ክርክርህ እዚህ ላይ ይሰበራል። የገጠር ሰው መሆንና ሐቀኛ መሆን በአንድ ቃል ከተጠሩ፥ ቃሉ ለሚሰማው ወጣት የሚያስተምረው ሐቀኝነት አለማወቅ እንደ ሆነ ነው። አንተ ይህን ልታስተምር አልፈለግህ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ፈቃድህን አይጠይቅም።

የቃሉ ምንጭ ከየት ነው ብላችሁ በየመኝታ ክፍሉ ብትዞሩ አንዱ ከጣልያን፥ ሌላው ከዐረብ ያመጣላችኋል፤ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ሁለቱም ይስቃሉ። ለእኔ ከምንጩ ይልቅ መድረሻው ይበልጥብኛል። ደግሞም ፋራ ብቻውን አይደለም፤ እሱ በተለመደ ጊዜ «ሰገጤ» የሚል ተጨመረለት፤ ከሁለቱ በፊትም «ባላገር» ነበረ።

«ባላገር» የሚለውን ቃል ለአንድ አፍታ በእጃችን ይዘን እንየው። ባለ አገር ነው። ባለቤት፥ ባለመብት፥ ባለርስት እንደምንለው ሁሉ፥ የአገር ባለቤት ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ግብር እየከፈለ፥ ወታደሩንና መኳንንቱን እየቀለበ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ባላገር ይባል ነበር። ዛሬ በከተማ ጎዳና አንዱ ሌላውን «አንተ ባላገር!» ቢለው ድብድብ ይነሣል። በአማርኛ ውስጥ የአገር ባለቤት ተብሎ መጠራት ስድብ የሆነበት ቀን መቼ እንደ ሆነ የሚያስጨንቀው ሰው በመካከላችን የለምን? ገበሬንም ብንመረምር ያው ነው፤ ገበረ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ግብር የሚሰጥ ማለት ነው። የሚሰጠው ተናቀ፤ የተቀበለው ተከበረ።

በአንጻሩ «ጨዋ» የሚለውን ተመልከቱ። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ቃል «ጼዋ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ይኸውም ምርኮ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወታደሮች ጨዋ ይባሉ ነበር። እነዚህ ጨዋዎች በባላገሩ ላይ ተተክለው የባላገሩን እህል ይበሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ ጨዋ ማለት የደህና ሰው ልጅ፥ ቀጥሎም ጠባየ መልካም ማለት ሆነ፤ በቤተ ክህነት ደግሞ ያልተማረ ምእመን ጨዋ ይባላል። አያችሁ እንግዲህ! የበላው ጨዋ ሆነ፤ ያበላው ባላገር ሆኖ ቀረ። ቃላትን በየቦታቸው የሚያስቀምጣቸው መዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም፤ ጉልበት ያለው ሰውም ነው።

ይህ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በሮማውያን ቋንቋ «ኡርባኑስ» የከተማ ሰው ማለት ነበር፤ ከዚያም የሠለጠነና ጠባየ ለስላሳ ማለት ሆነ። «ፓጋኑስ» የገጠር ሰው ነበር፤ ኋላ አረመኔ ማለት ሆነ። በባለጸጋ እርሻ ላይ የሚሠራው «ቪላኑስ» በእንግሊዝኛ «ቪለን» ሆኖ፥ በየፊልሙ ላይ ክፉውን ሰው የምንጠራበት ስም እሱ ነው። በካይሮ «ፈላሕ» ማለት ገበሬ ነው፤ በከተሜው አፍ ግን ስድብ ሆኖ ኖረ። በየአገሩ የሚያርሰው እጅ በሚበላው አፍ ተሰድቧል። ሌላው ዓለም ያደረገው መሆኑ ግን ለእኛ ይቅርታ አይሆነንም፤ እንዲያውም ነገሩ ድንገተኛ ቀልድ እንዳልሆነ ምስክር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክርክር ልመለስ፤ «ቀልድ ነው» ወደሚለው። ቀልድ መሆኑን በምን እናውቃለን? እኔ አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ። ቀልድ ከሆነ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ቀልድ ከሆነ በሁለቱም ወገን ይሠራል። እስቲ በሁለቱም ወገን ይሠራ እንደ ሆነ እንሞክረው።

አዳራሹ ውስጥ ከሣቁት አንዱን በመስከረም መጨረሻ ወደ ገለጉ ልውሰደው። ሰሊጡ ደርሷል። የሰሊጥ ነገር እንደ ጤፍ አይደለም፤ ፍሬው እስኪደርቅ ድረስ በቆመበት ከተጠበቀ ከረጢቱ ይፈነዳና እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከታች ያለው ቅጠል ቢጫ ሲሆን፥ ጫፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ማጨድ፥ በነዶ ማሰር፥ ነዶውንም አፉን ወደ ላይ አድርጎ አቁሞ ማድረቅ ያስፈልጋል። በደረቀ ጊዜ ገልብጦ ማራገፍ ነው። ጥቂት ቀን የዘገየ ሰው የዓመት ልፋቱን ለወፍ ይሰጣል። ወዳጃችን ይህን አያውቅም። ማታ በደከመው ጊዜ ጋቢውን ዘርግቶ ዋልካው በተሰነጠቀበት፥ ከግራሩ ሥር ይተኛል። የአሸዋ ዝንብ የሚነድፈው፥ ካላዛር የሚባለው በሽታም የሚይዘው በእንደዚህ ያለ ቦታ እንደ ሆነ አልሰማም። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ወደ መተማ፥ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ብዙዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ተመልሰዋል፤ የሞቱም አሉ። እንግዲህ በዚያ እርሻ ላይ ፋራው ማን ነው? እዚያ ደግሞ ፋራነት መሣቂያ አያደርግም፤ ይገድላል።

ወዳጃችን በዚያች ማታ ቢሣቅበት ምን ይጠቅመዋል? የሚያስፈልገው አንድ ሽማግሌ መጥቶ «ልጄ፥ ከዚህ ተነሣ፤ ወደ ጎጆው ግባ» እንዲለው ነው። በእውነትም እንዲህ ይሉታል። በአገሬ አይቻለሁና። እኛ ግን ከዚያ አገር ለመጣው ልጅ፥ በማያውቀው አዳራሽ ውስጥ በቆመ ጊዜ፥ «ወንድሜ፥ እዚህ ተቀምጠህ ብትጠይቅም ነውር የለውም» የሚለው አንድ ሰው አጥተንለት ሳቅን።

ስለዚያ ሰሊጥ አንድ ነገር ልጨምር። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ካስገኙልን የእርሻ ምርቶች አንዱ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን ከሚያገበያይባቸው ስሞች አንዱ የሑመራና የጎንደር ሰሊጥ የሚለው ነው። ይህ የምንማርበት ቤተ መጻሕፍት፥ ይህ ኮምፒውተር፥ የላቦራቶሪው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ታዲያ ገዢው የማን ነዶ ነው? «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ማለት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ «የኔታ»። ልጁ ፊደል የቈጠረው በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ትምህርት ቤት የገባው። «የኔታ» ማለት «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። በዚህ ስም የተጠሩት መምህራን ናቸው ፊደሉን፥ ዜማውን፥ ቅኔውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገሩት፤ ያለ ደመወዝ፥ ለምኖ ከሚበላ ተማሪ ጋር። በመካከላችን አራዳ የተባለው ግን መምህሩን «ቲቸር» ይላል። ቲቸር ማለት በእንግሊዝኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ደህና ቃል ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከሁለቱ ቃላት የትኛው ነው ረዥም መንገድ የመጣው? የትኛውስ ነው የሚያሳፍረው? በዚያን ጧት መሣቂያ ሆኖ የተቀመጠው ልጅ ሳይሆን፥ ያ ሁሉ ዘመን ያስተማረ ስም ነው።

የኛ ተማሪነት ታሪክም ይወቅሰናል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ተማሪ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየወረደ ያስተምር ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ፤ በዚያ ዓመትም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከሃምሳ ሺህ በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ስለዚያ ትውልድ ስሕተት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ተብሏልም። ነገር ግን ስለ አራሹ ይሰለፍ ነበር። እኛ ስለ አራሹ መሰለፍ ቀርቶብን በአራሹ ልጅ መሣቅ ጀመርን። ይህ የት ያደርሰናል?

አንዳንድ የአገሬ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ «እኛ የቴዎድሮስ አገር ልጆች ነን» ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ። እውነት ነው፤ ካሳ የወጣው ከቋራ ነው፤ መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሲሰድቡት ቈይተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሠባቸው። ግን በዚህ መከራከር አልፈልግም። ሰው እንዳይሰደብ የግድ መንገሥ አለበትን? ከገለጉ የመጣው ልጅ ንጉሥ ባይሆን፥ ሐኪም ባይሆን፥ ተራ መምህር ሆኖ ወደ አገሩ ቢመለስም አዳራሹ ውስጥ ጥያቄውን የመጨረስ መብት አለው።

ራሴንም ሳልወቅስ ብወጣ ግን ይህ ጽሑፍ ግብዝነት ይሆናል። እኛ ቆለኞችም የራሳችን ፋራ አለን። ከደጋ ለአጨዳ በወረደው፥ ሙቀቱን መቋቋም ባቃተው ሠራተኛ እንስቃለን። ከዚህም የከፋ አለ። ከእኛ በፊት በዚያ ምድር ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝ ወገኖቻችን አሉ። በድሮ ዘመን የባሪያ ፈንጋዩ አንድ ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ ስሙን እዚህ ላይ አልደግመውም። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ በገለጉ ገበያ ይህንን ስም በአፌ ጠርቻለሁ፤ ጓደኞቼም ስቀዋል። ያን ጊዜ ስድብ ነው ቢለኝ አንድ ሰው፥ «ኧረ ቀልድ ነው» እለው ነበር። የተሳቀበት ልጅ ግን አልሳቀም፤ ፊቱን አስታውሳለሁ። በዚያ ሰኞ ጧት በአዳራሹ ውስጥ ያየሁት ያንኑ ፊት ነው። ስለዚህ ለጸሐፊው ወንድሜ የምመልስለት ከእሱ የተሻልሁ ሰው ሆኜ አይደለም፤ እሱ ባለበት ወንበር ተቀምጬ የማውቅ ሰው ሆኜ ነው።

ነገር ማማት ብቻ እንዳይሆንብኝ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ ማኅበራችን አዲስ ተማሪዎችን በሚቀበልበት ሳምንት ነባሮቹ ይህን ቃል በአዲሶቹ ላይ ላለመጠቀም ቃል ይግቡ። በሕግ አይሁን፤ በይሉኝታ ይሁን። በጓደኛሞች መካከል በጨዋታ ቢባል ማንም ጠባቂ አያቆምበትም፤ ገና ስሙን እንኳ በማናውቀው ሰው ላይ ግን ነውር ይሁን።

ሁለተኛ፥ ይህቺ ጋዜጣችን በየእትሟ አንድ ዓምድ ትክፈት፤ ተማሪው ሁሉ ከየአገሩ አንድ አንድ ቃል ከነትርጉሙ ይዞ ይምጣ። ከመርካቶም፥ ከጋይንትም፥ ከጅማም፥ ከመተማም። የአራዳው ልጅ የአራዳውን ያምጣ፤ እሱንም በደስታ እንማራለን። በአንድ ዓመት ውስጥ የማናውቀው ስንት እንደ ሆነ፥ ስንቶቻችንም ፋራ እንደ ሆንን ይታወቃል።

ሦስተኛው ለመምህሮቻችን ነው፤ በአክብሮት። ተማሪ ከአገሩ ባመጣው ቃል ሲናገርና ክፍሉ ሲስቅ፥ የእርስዎ ፈገግታ ከሁላችን ሳቅ ይበልጥ ይሰማል። በዚያች ደቂቃ «ቀጥል፥ ልጄ፤ ጥያቄህ ምን ነበር?» ቢሉ ከአንድ ወር ትምህርት የበለጠ ያስተምራሉ። የልጁ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ምናልባት ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ለመጨረሻ አንድ ሌላ አጭር ቃል ላስታውሳችሁና ላብቃ። በመተማ ዮሐንስ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ያ ዞል» የሚል ነው። በሱዳን ዐረብኛ «ዞል» ማለት ሰው ማለት ነው፤ ሴት ብትሆን «ዞላ» ናት። ሌሎቹ ዐረቦች ይህን ቃል የሱዳኖች መጠሪያ አድርገውታል፤ አንዳንዱም ለመዘበት ነው፤ ሱዳኖቹ ግን አላፈሩበትም፤ ኮርተውበታል። የሚገርመው የቃሉ አመጣጥ ነው። በጥንቱ ዐረብኛ «ዘውል» ማለት ቀልጣፋ፥ ደግና ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ማለት ነበር፤ በኛ አነጋገር አራዳ ማለት ነው። ሱዳኖች ይህን የምስጋና ስም ወሰዱና ለመንገደኛው፥ ለነጋዴው፥ ለእረኛው፥ ለእንግዳው፥ ለሁሉም ሰው ሰጡት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶባቸው ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ በመጡ ጊዜ የጠረፉ ሰው የተቀበላቸው በዚሁ ቃል ነበር፤ «ና ግባ፥ ያ ዞል።»

እነሱ አራዳ የሚለውን ስም ለሰው ሁሉ አደሉት። እኛ ለጥቂቶች አስቀርተን ለቀሩት ፋራ የሚል አወጣንላቸው። ከሁለታችን የነቃው የትኛው ነው?

ልጁ እስከ አሁን አልሄደም። ዕቃውን እንዳያሥር ለምኜዋለሁ፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እቈያለሁ ብሎኛል። የፊታችን ሰኞ ጧት በዚያው አዳራሽ፥ በዚያው ሰዓት ትምህርት አለ። እጁን ያወጣ ይሆናል። የኋላ ወንበር ወንድሞቼ ሆይ፥ ያን ጊዜ ምን እንደምንል ከአሁኑ እናስብበት።

ከአንድ የገለጉ ልጅ